የብስ ላይ የሚቀር ዘመድ

«የአሥራ አንድ ቁጥሯ ሠራተኛ ቁርሷን ምድር ቤት አይደል እንዴ የምትበላው? እዚህ ምን ትሠራለች?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ለአስተናጋጁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ ብላ ነው፣ ግን አዳራሹ ያስተጋባል። ልብስ ሰፊዋ ሳህኗን ይዛ ከተቆራረጠው አናናስ ፊት ቆማ ነበርና ይቺ ምስኪን ሠራተኛ ማን ትሆን ብላ ዞር አለች። ከኋላዋ ግድግዳ ነው። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ብቻቸውን እንቁላል ይልጣሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ የእሷና የአባቷ ክፍል ነው። አስተናጋጁ መቼስ ጨዋ ሰው ነው፤ ጠጋ ብሎ እጇ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አምባር በዓይኑ አሳያትና ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳት። ሰማያዊ ያሰሩት እንግዶች ናቸው። ግራጫው ከአቅመ ደካማ እንግዳ ጋር ለሚመጣ ተቀጣሪ ነው፤ አልጋው በነፃ፣ ምግቡ ምድር ቤት ከሆቴሉ ሠራተኞች ጋር። ዘመድ ከሆነማ እንደማንኛውም እንግዳ ይከፍላል አለና እሱው ራሱ ያጠፋ ይመስል ይቅርታ ጠየቃት። ያነሳችውን አናናስ ወደ ትሪው መመለስ ነውር ሆነባት፣ ይዞ መሄድም ሌብነት መሰላት። እዚያው ደርቃ ቀረች። ሳህኑን ከእጇ የወሰደላት አስተናጋጁ ነው።

ጉድ እኮ ነው! ያንን አምባር ሦስት ቀን ሙሉ ደስ ብሏት አስራው ከርማለች። የደረሱ ዕለት ታላቅ ወንድሟ፣ ሲሚንቶ ነጋዴው፣ ከመቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንስቶ «ነይ እስኪ ላስርልሽ» ብሎ በገዛ እጁ ነበር ያሰረላት። ከልጅነታቸው ወዲህ እጇን ይዞ አያውቅምና ጋሼን ዛሬ ምን ነካው ብላ አንጀቷ ርሶ ነበር። የቀለሙን መለያየት አስተውላለች፤ በየፎቁ ይለያያል መሰላት። እንግዳ ተቀባይዋ ሌላውን ሁሉ «እርስዎ» እያለች እሷን «አንቺ» ስትላትም መቀራረብ መስሏት፣ እንዲያውም ወድዳት ነበር። አባቷ ግርግር ስለማይችሉ ምግቡን በትሪ እያስመጣች ክፍሉ ውስጥ ነው የምትበላው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ጠዋት ማንም ከየትም አላስነሳትም። ዛሬ እሳቸው እንቅልፍ ጥሏቸው እስኪ እኔም እንደ ሰው ልቀመጥ ብላ ወጣች። እንደ ሰው ተቀመጠች!

አሥራ አንድ ቁጥር ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ከማሽኖቹ ጋር ይንዘፈዘፋል፤ መስኮቱ ሲከፈት የሳሙና እንፋሎት ይገባል፣ ሲዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም። በሁለት ዘንባባዎች መሃል የመሐረብ ስፋት ያላት ባህር ትታያለች። ሌሎቹ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ አባባ ደረጃ አይችልም ተብሎ እነሱ ታች ቀሩ፣ ሊፍት መኖሩን ያነሳ የለም። አባትየው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው አድራሻ በቃላቸው ይዘው ኖረው፣ ከታመሙ ወዲህ የገዛ ልጆቻቸው ስም ይጠፋቸዋል፤ ግራ ጎናቸውም አይታዘዝም። እናትየዋ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ለጊዜው ተብሎ የስፌት መኪናዋን አስጭና አባቷ ሳሎን ገባች፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣችም። ለዚህ ጉዞ ስትል የሦስት ሙሽሮች ቀሚስ መልሳ፣ ደንበኞቿን አስቀይማ ነው የመጣችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የመጣችው ለጀልባው ነው። ወንድሟ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውሎ አንድ ቀን ሙሉ ከደሴት ደሴት በጀልባ እንዞራለን ካላት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ እግሯን ባህር ውስጥ ነክራ አታውቅም። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰፊ ጠርዝ ያለው የፀሐይ ኮፍያ ስትሰፋ የራሷንም ሰፍታለች። እዚህ ከመጡም አባቷን ትታ የት ትሂድ፤ ሦስት ቀን ባህሩ አጠገብ ተቀምጣ አልነካችውም። በጀልባው ዕለት እነካዋለሁ እያለች ነበር። ጀልባው ነገ ነው።

ስለዚህ የአምባሩን ነገር ዋጥ አደረገችው። ዛሬ ነገር ካነሳች ጋሼ ይቆጣል፣ ከተቆጣ የነገው ይበላሻል። አባቷን ፊታቸውን አጠበች፣ ጺማቸውን ላጨች፣ ሸሚዛቸውን ለወጠች። ሐሳቧ ቁርስ አዳራሹ ጋ ቀርቶ ነበርና አገጫቸው ላይ ትንሽ ቆረጠቻቸው። እሳቸው ባህሩን እያዩ ዛሬ ፖስታ ቤት ዝግ ነው እንዴ ብለው ጠየቋት፤ አዎ አባባ፣ ዛሬ ዝግ ነው አለቻቸው።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ወንድሟ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። እሷም አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በሊፍት ወጣች። ወንድሟ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ንፋስ እንዳይወስድበት አራቱን ጥግ በብርጭቆ አስይዞታል። አጠገቡ ሚስቱ፣ ከማዶ ባንክ የምትሠራው ታናሽ እህታቸው ከመሐንዲሱ ባሏ ጋር። ሦስቱ ልጆች መዋኛ ገንዳው ውስጥ ናቸው፣ ጩኸታቸው እስከ ላይ ይሰማል። ወንድሟ ለሠራተኞቹ ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ጀልባው ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል። መጀመሪያ ባለቀለም ዓሣ የሚታይበት ደሴት፤ የመዋኛ መነጽር እዚያው ይከራያል። ቀጥሎ ምሳ፣ አሸዋው ላይ። ከሰዓት በኋላ ከወፍ በቀር ሰው የማይኖርበት ትንሹ ደሴት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መመለስ። ጀልባው ባለ ስምንት ወንበር ነው፤ ሙሉውን መከራየት በሰው ከመክፈል ይረክሳል አለ፣ ይህንን እሱ የፈለሰፈው ይመስል። መሐንዲሱ ቢያንስ የመነጽሩን እኔ ልክፈል ሲል ወንድሟ እጁን አወናጨፈና እሱን ለእኔ ተውልኝ፣ እንግዶቼ ናችሁ አለው። አፉን ሞልቶ ነው የሚያወራው። አማቹ ፊት ሲሆን ይብስበታል።

ልብስ ሰፊዋ በልቧ ትቆጥራለች። የወንድሟ ቤት አራት፣ የእህቷ ቤት ሦስት፣ ሰባት ሆነ። ወንበሩ ስምንት። ስምንተኛው የእኔ ነው፤ እንግዲህ አምባሩም ግራጫ ቢሆን ሰማያዊ ቢሆን ምን አገባኝ አለች። ለአባባ የሚሆን ሰው ሆቴሉ አያጣም፣ ለአንድ ቀን። ይሄኔ የወንድሟ ሚስት የበረዶ ሳጥኑ ትልቅ ነው፣ እግራችን ስር አይገባም፣ የት እናድርገው ብላ ጠየቀች።

«ስምንተኛው ወንበር ላይ ነዋ» አለ ወንድሟ፣ ከካርታው ቀና ሳይል። «ባዶ አይደል?»

ታናሽ እህቷ የፎጣዋን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። መሐንዲሱ ባህሩን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ እኔስ ማለት አቃታት። አባባስ ብላ ጠየቀች በምትኩ። ወንድሟ አባባ ይደክመዋል፣ ፀሐዩም አይሆነውም አለ። ቀጥሎ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ አንቺም ደግሞ ባህር አይስማማሽም፣ ይታወቃል አለ። የት ነው የሚታወቀው? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና አውቶቡስ ውስጥ አዲሱ ሱሪው ላይ አስመልሳበታለች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሱሪ ይቅር አላላትም ማለት ነው። እሺ አለች። እሺ ከማለት ሌላ አፏ የለመደው ነገር የለም። አባትየው ካርታውን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆይተው ይሄ ለማን ነው የሚደርሰው ብለው ጠየቁ። የወንድሟ ሚስት ንፋሱ እንዳይወስድባቸው ለልጆቹ ኮፍያ ማሰሪያ ብትሰፊላቸው ብላ ሦስቱን ኮፍያዎች ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት፤ ልብስ ሰፊዋም ኮፍያዎቹን ይዛ፣ አባቷን እየገፋች ወጣች።

ታናሽ እህቷ ሊፍቱ ጋ ደረሰችባት። ባንክ ውስጥ ስንት ደንበኛ በሥርዓት የምታስተናግድ ሴት ናት፤ ጋሼ ፊት ሲሆን ግን ምላሷ ይታሰራል። እታለም ብላ ጀምራ አቆመች። ልብስ ሰፊዋ አምባር ያሰረችበትን እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። እህቷ ዓይኗን ሰበረች። ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ልክ አይደለም ብዬው ነበር» አለች።

«መቼ ነው ያልሽው?»

«በሆዴ።»

ከዚያ በጥድፊያ ማስረዳት ጀመረች። የጋሼ ሥራ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁለት ግንባታ ሲሚንቶውን ወስዶ አልከፈለውም። ባሏ ፊት ደግሞ ሁላችሁንም እኔ ነኝ የምጋብዘው ብሎ ቃል አውጥቷል፤ የልብስ ሰፊዋን ወጪ ሲያሰላው አልሞላለትም። ሆቴሉ ካወቀ እጥፉን ነው የሚያስከፍለው፣ እሱ ደግሞ ከሚያፍር ሞቱን ይመርጣል። አደራሽን እታለም፣ እንዳልሰማሽ ሁኚ አለች። የሊፍቱ በር ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋን ሆድ ባሳት፤ እንባዋ ከአባቷ ራስ ላይ ጠብ ሲል በመዳፏ ጠረገችው። ገንዘብ አጠረኝ፣ አትምጪ ቢላት ትቀር ነበር። ቤቷ ቁጭ ብላ የሦስቱን ሙሽሮች ቀሚስ ትሰፋ ነበር እኮ።

ከሰዓቱን ክፍሉ ውስጥ ማሰሪያ ስትሰፋ ዋለች። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ አባቷ ያንቀላፋሉ። አንድ ጊዜ መቀሱን አምባሩ ስር አስገብታ ነበር፤ ያለ አምባር በግቢው በር ማንንም አያስገቡም እንዳሏት ትዝ አላትና ተወችው። የምትናገረውን አሥር ጊዜ አዘጋጅታ አሥር ጊዜ ጣለችው። እንደዚህ ሆና ሳለ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ወንድሟ ነው። ከመጡ ጀምሮ እዚህ ክፍል ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ ሚስቱንም አስከትሏል። ገብቶ አልተቀመጠም፣ በሩ ላይ እንደቆመ ትንሽ የፊርማ ነገር አለች አላት። የጀልባዋ ባለቤት ታች መጥታ ስም እየመዘገበች ነው። ሴትየዋ የራሷ ደንብ አላት፦ አንድን ቤተሰብ ሙሉውን አሳፍራ አትሄድም። አንድ የሥጋ ዘመድ የብስ ላይ መቅረት አለበት። የሚቀረው ሰው ዝርዝሩን ይዞ ይውላል፤ ማታ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆሞ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በስሙና በዝምድናው እየጠራ ይረከባል። አባባ መፈረምም መቆምም አይችል፣ ስለዚህ አንቺን ጽፌሻለሁ አለ። እህት ብዬ ነው የጻፍኩሽ አለ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዳ ተቀባይዋ እዚያው አጠገብ ናት፣ ዝም ብለሽ ፈርመሽ ተመለሽ፣ ወሬ አታብዢ አላት።

አሁን ነገሩ ፍንትው ብሎ ታያት። ለአልጋው ሠራተኛ ናት። ለምግቡም ሠራተኛ ናት። ለመቅረት ሲሆን እህት ሆነች። ጫማዋን አጠለቀች። የወንድሟ ሚስት እስክትመለስ ከአባባ ጋር እቆያለሁ ብላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የሳሙናው ሽታ ስላልተስማማት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ።

የጀልባዋ ባለቤት ስልሳ የሚሆናት ደልዳላ ሴት ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ እጇ በጨው ውሃ ተሰነጣጥቋል። ከእንግዳ መቀበያው ጎን ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገቧን ከፍታ ተቀምጣለች። ታናሽ እህቷና መሐንዲሱ አጠገቧ ቆመዋል። ሴትየዋ ስለ ደንቧ እያጫወተቻቸው ነበር። ከዓመታት በፊት የሌላ ሰው ጀልባ የአንድ ቤተሰብ ዘጠኝ ሰው ጭኖ ወጥቶ ሞተሩ መሃል ባህር ላይ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቃቸው የለም፤ የሚጠይቀው ሁሉ ጀልባው ውስጥ ነበራ። ሲገኙ አራት ብቻ ነበሩ። ሆቴሉን ሰው ቀርቶባችኋል ወይ ሲሉት እሱ ክፍሉን አጽድቶ ለሌላ አከራይቷል። ሆቴል እንግዳ ሲጠፋበት ክፍሉን ነው የሚያከራየው፣ የሚፈልግ ዘመድ ነው አለች፤ ከዚያ ወዲህ በእሷ ጀልባ ላይ ይህ ደንብ አይሻርም። ስማቸውን ከነአባታቸው ሰባቱንም ጽፋለች፣ ከጎኑ የክፍል ቁጥር፣ ከእሱ ቀጥሎ ዝምድና።

«የብስ ላይ የምትቀረው እህት» እያለች ከወንድምየው ወረቀት ላይ አነበበች፣ «አሥራ አንድ ቁጥር።»

እንግዳ ተቀባይዋ ለመርዳት ብላ ነው መቼስ፤ የሆቴሉን መዝገብ ገልብጣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈችና አሥራ አንድ ቁጥር እንኳ ሠራተኛቸው ናት፣ እህት ተብሎ በስህተት ይሆናል አለች። የጀልባዋ ባለቤት መነጽሯን አወለቀች። አንዱን መዝገብ አየች፣ ሌላውን አየች፣ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋን አየቻት።

«አንቺ ማነሽ፣ የኔ እህት?»

ወንድሟ ከጎን ዓይኑን ያጉረጠርጥባታል። ልብስ ሰፊዋ እህት ነኝ ብትል እሱ ሰው ፊት ይዋረዳል፣ እሷም ነገ እዚሁ ትቀራለች። ሠራተኛ ነኝ ብትል እናቷን መካድ ነው።

«እሱን ይጠይቁት» አለች። «እሱ ያለውን ነኝ።»

ወንድሟ ሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነበር። አዬ፣ ያው ናት እኮ፣ እንደ እህታችን ናት አለ፣ እጁን ወዲያና ወዲህ እያደረገ። የጀልባዋ ባለቤት አልሳቀችም። እንደ የሚባል ነገር አላስፈርምም አለችው። ማታ ጀልባው ቢዘገይ እንደ እህት የሆነችው ሥራ ጨርሻለሁ ብላ ትሄዳለች፤ እህት የሆነችው ግን አትሄድም። «እህት ናት ወይስ አይደለችም?»

ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንጫጫል። ወንድሟን ላብ አጠመቀው። እንግዳ ተቀባይዋ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም። መሐንዲሱ እጆቹን ኪሱ ከትቶ አማቹን ያያል። ልብስ ሰፊዋም ታየዋለች። በል ጋሼ፣ እህቴ ናት በል አለች በልቧ። አንዴ በለውና እፈርማለሁ። ጀልባው ይቅርብኝ፣ ባህሩም ይቅርብኝ፣ ዝርዝሩን ይዤ ፀሐይ ላይ እቆምልሃለሁ፤ የአምባሩንም ነገር እስክሞት አላነሳብህም። ከልቧ ነበር ያለችው። ለዚያች ቃል ስትል ሁሉንም ልትተውለት ቆርጣ ነበር።

«አይደለችም» አለ ወንድሟ፣ መዝገቡን እያየ። «አባታችንን የምታግዝልን ሰው ናት።»

ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የጀልባዋ ባለቤት በምትጽፍበት እስክሪብቶ እህት የሚለውን ሰረዘችና እንግዲያው ከእናንተ ከወንድምና ከእህት አንዳችሁ ትቀራላችሁ፣ ማነው የሚቀረው ብላ ጠየቀች። ወንድሟ እንደ ልማዱ ወደ ታናሽ እህቱ ዞረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ሳይናገር እሺ ትል ነበር።

«እኔ አልቀርም ጋሼ» አለች ታናሽቱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰማ። «አንተ ቅር።»

ወንድሟ ምን ይበል? ያለውን ብሏል፣ ሁሉም ሰምቷል። እስክሪብቶውን ተቀብሎ የብስ ላይ የሚቀር ከሚለው አጠገብ ፈረመ። እንግዳ ተቀባይዋ ሁሉም ነገር በመስተካከሉ ደስ ብሏት የሆቴሉን መዝገብ አጠፈች። የጀልባዋ ባለቤት የወንድምየውን ስም ከተሳፋሪዎቹ ረድፍ አውጥታ እታች ከጻፈች በኋላ ለልብስ ሰፊዋ አንድ ወንበር እንደተረፈ፣ ክፍያውም እንዳለቀ ነገረቻት። እንግዳ ተቀባይዋ ለሠራተኛ እንኳ አልተለመደም ልትል ስትል ሴትየዋ አቋረጠቻትና ጀልባው የእኔ ነው፣ እኔ አምባር አላይም አለቻት።

«ነገ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቶሎ ከማለቷ የተነሳ ራሷም ደነገጠች። ወንድሟ አባባን ማን ያነሳዋል፣ ማን ያጥበዋል ብሎ በጆሮዋ ሲያንሾካሹክ ከእንቅልፉ ሲነሳ በቀኝ እጁ በኩል ደግፈው፣ በግራው ከሳብከው ያመዋል አለችው። መድኃኒቱ የቱ በየት ሰዓት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋ እንደምታስቀምጥለትም ነገረችው። ድምጿን አላነሳችም።

የጀልባዋ ባለቤት ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ አለቻት። ነገረቻት። እስክሪብቶው የአባቷ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ላይ ወደ ታናሽቱ መስመር፣ ወደ ታች ወደ ፈረመው ሰው መስመር ወሰደች፤ ሦስቱም ላይ አንድ የአባት ስም ነው። ወንድምየውን ቀና ብላ አየችው። እሱ ጫማውን እያየ ነበር። ስሙን ጽፋ ጨረሰችና ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ እስክሪብቶዋን አሳርፋ ጠበቀች።

«ዝምድና?»

«ባዶውን ይተዉት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ነገ ማታ ከጀልባው ስወርድ ሲጠራኝ፣ እሱ ይሙላው።»